ቆሮሶ በኮባ፣ ሩዝ በእርድ፦ በጣና ዳር ስለተሰናዳ አንድ የፋርስ ማዕድ

ባለፈው መጋቢት 12 ምሽት፣ በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ለፋርሶች አዲስ ዓመት፣ ለኖውሩዝ፣ በተሰናዳ እራት ላይ ከታላቅ እህቴ ጋር ታድሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻዬን ተመልሼ ስለበላሁ የምጽፈው በአንድ ምሽት ስሜት ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። የቤቱን ስም ሆን ብዬ አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ቅሬታዎች ጥቂት አይደሉም፣ ባለቤትየዋም አብዛኞቹን ሊያርሙ ቃል ስለገቡልኝ ገና በእግሩ ያልቆመ ገበያ ማጥፋት አልፈለግሁም። ፍርዴን ከመጀመሪያው ለመናገር ያህል፣ ዓሣው በከተማችን ከቀመስኳቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሩዙ የተጻፈለትን ዋጋ አያክልም፤ በየገበታው ላይ የተቀመጠው የማብራሪያ ወረቀት ግን ጨርሶ ባይታተም ይሻል ነበር።

ባለቤትየዋ በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ ሕንድ ሄደው በፑኔ ከተማ አንዲት አሮጊት የፓርሲ ሴት ቤት ተከራይተው ኖረዋል፤ ሙያውንም ከእሳቸው ጓዳ እንደቀሰሙት ነግረውናል። ፓርሲዎች ማለት ፋርስ በሙስሊም ዐረቦች እጅ ከገባች በኋላ እምነታቸውን ይዘው በባሕር ወደ ሕንዷ ጉጃራት የተሰደዱ፣ የጥንቱ የፋርስ ነቢይ የዞሮአስተር ተከታዮች ዘሮች ናቸው። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው 57,264 ብቻ ነበር፤ ሆኖም በየመንገዱ የምናየው የታታ መኪና ስም እንኳ ከፓርሲ ካህናት ቤት ከተወለዱት ከጃምሼትጂ ታታ የመጣ ነው። እንግዲህ ማዕዱ ድብልቅ ነው ማለት ነው፦ ጠረጴዛው የኢራን፣ ወጥ ቤቱ የሕንድ ፓርሲ። ሁለቱ አንድ ሥር ስላላቸው ድብልቅነቱን እንደ ጉድለት አልቆጠርሁትም።

ቀኑ ግን ለምግብ ቤት የሚመች አይደለም። ኖውሩዝ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 11 ወይም 12 ስለሚከበር ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። አብዛኞቹ የሕንድ ፓርሲዎች የሚከተሉት አቆጣጠር ደግሞ የእኛን ስድስተኛዋን ጳጉሜን የመሰለች ቀን በየአራት ዓመቱ ስለማይጨምር፣ አዲስ ዓመታቸው ሲንሸራተት ኖሮ ዛሬ ነሐሴ 9 ወይም 10 ላይ ደርሷል፤ ይኸውም ፍልሰታ ነው። ባለቤትየዋ ይህን ዐውቀው የጾምና የፍስክ ዝርዝር ለየብቻ ማዘጋጀታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ዓሣውን በጾም መብላትና አለመብላት በየቤቱ የሚለያይ ነገር ስለሆነ ለእንግዳው ኅሊና ትተውታል፤ እህቴ አልነካችውም፣ እኔ ነካሁት፣ በዚህም እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። የሚገርመው የዞሮአስተር ሃይማኖት ራሱ ጾምን አያበረታታም፤ ሰውነትን በረሃብ ማድከም ለመልካም ሥራ የሚያስፈልገውን ጉልበት ማባከን ነው ብሎ ያስተምራል። ያም ሆኖ ወር በገባ በ2፣ በ12፣ በ14 እና በ21 ከሥጋ የሚከለከሉባቸው ናቦር የሚባሉ ዕለታት አሏቸው። ይህን ስነግራት እህቴ «ሚካኤልንና ማርያምንማ አልዘለሏቸውም!» ብላ ሳቀች።

ከመግቢያው ፊት ለፊት የተዘረጋው የኖውሩዝ ገበታ የምሽቱ ማዕከል ነበር። ይህ ገበታ ሃፍት ሲን ይባላል፤ ስማቸው በፋርስኛ «ሲን» በምትባለው ፊደል የሚጀምር ሰባት ነገሮች ይቀመጡበታል፦ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ ሱማቅ የሚባለው ጎምዛዛ ቀይ ቅመም፣ ሰንጀድ የሚባለው የደረቀ ፍሬ፣ በሳሕን ላይ የበቀለ ለምለም ስንዴና ሳማኑ የሚባለው ጣፋጭ። መስተዋት፣ ሻማ፣ ቀለም የተቀባ እንቁላልና በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ በዙሪያው ይደረደራሉ። ዛሬ ገበታው ሃይማኖት ሳይለይ የኢራናውያን ሁሉ ነው፤ ሙስሊሙ ቁርኣኑን፣ ዞሮአስተራዊው ቅዱስ መጽሐፉን አቬስታን ያኖርበታል። እህቴ ዕድሜዋን ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናትና ከሰባቱ መካከል ሁለቱን ለማወቅ አስረጂ አላስፈለጋትም። ጎንበስ ብላ የስንዴውን ሥር በጣቷ ገለጥ አድርጋ «ይህማ ሳይሰጣ የቀረ ብቅል ነው እንጂ ሌላ ምን ነገር አለው!» አለች፤ ልክም ነበረች። ሳማኑም ቢሆን የስንዴ ብቅል ተወቅጦ ጭማቂው ተጣርቶ ከዱቄት ጋር ለረጅም ሰዓት እየተማሰለ የሚሠራ፣ አንዲት ቅንጣት ስኳር ሳይገባበት ከብቅሉ በሚወጣው ጣፋጭነት ብቻ የሚጣፍጥ ነው። የቀረበልን ሳማኑ መልኩ እንደ ተልባ ልጥልጥ የጠቆረ፣ በምላስ ላይ ግን የደረቀ ቴምርን የሚያስታውስ ነበር፤ ሁለተኛ ማንኪያ ጠይቄያለሁ።

በሱማቁ ቦታ የተቀመጠው ግን በርበሬ ነበር። አስተናጋጁን ለምን ብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ያው ቀይ ስለሆነ ነው» አለኝ። ሰንጀዱም በቴምር ተተክቷል። የሌለውን ከየት ያምጡት ቢባል እስማማለሁ፤ ነገር ግን የገበታው ቋንቋ ያለው በፊደሉ ነውና፣ በ«ሲን» የማይጀምር ነገር ከሚያስቀምጡ ሳንቲም ቢያኖሩ ይሻላቸው ነበር፤ ሳንቲም በፋርስኛ «ሰኬ» ስለሚባል ኢራናውያን ራሳቸው ይጨምሩታል፣ በባሕር ዳርም አይጠፋም።

ወደ ዓሣው ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነውና። ፓርሲዎች በሠርግና ልጆቻቸው ወደ እምነቱ በሚገቡበት ሥርዓት ላይ የሚያቀርቡት ፓትራ ኒ ማቺ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ትርጉሙ «በቅጠል ያለ ዓሣ» እንደ ማለት ነው። በሕንድ የባሕር ዓሣ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፤ በዚህ ቤት ግን ማለዳ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ በኮባ ይጠቀለላል። ኮባን ለድፎ ዳቦ እንጂ ለዓሣ አስቤው አላውቅም ነበር። አስተናጋጁ በሸክላ ሳሕን ላይ በክር የታሰረ ጥቅል አምጥቶ ክሩን በቢላ በጠሰው፤ ቅጠሉ ሲገለጥ መጀመሪያ የመጣው የዓሣ ሽታ አልነበረም፣ የበዓል ዋዜማ ዳቦ ሽታ ነው። ቀጥሎ የድንብላሉ፣ የናናው፣ የቃሪያውና የነጭ ሽንኩርቱ መዓዛ ተከተለ። እነዚህ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከከሙንና ከሎሚ ጋር ተፈጭተው አረንጓዴ ልጥፍ ይሆኑና ዓሣው ከላይም ከታችም ይለበድበታል፤ ከዚያ በውኃ እንፋሎት ይበስላል እንጂ ዘይት አያየውም። በከተማችን ዓሣ ማለት እስኪደርቅ የተጠበሰ ወይም በቀይ ወጥ የሰመጠ ሆኖ ስለቆየ፣ የቆሮሶ ሥጋ ነጭነቱን ሳይለቅ፣ በሹካ ሲነካ ቅጠል በቅጠል እየተገነጠለ ሲመጣ ማየት ለእኔ አዲስ ነገር ነው። ቃሪያው የእኛው ስለሆነ ከሕንዱ ይበልጥ ሳያቃጥል አይቀርም፤ ሎሚው ግን ያበርደዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አከርካሪው በሚገባ ሳይወጣ ቀርቦልኝ ጥቃቅን እሾህ ገጥሞኛል፤ ሦስተኛው ንጹሕ ነበር። ኮባው ከሙዝ ቅጠል ወፈር ስለሚል መዓዛው ወደ ሥጋው ጠልቆ ይገባል፤ ባለቤትየዋ «አከራዬ ይህን ቢቀምሱ ሙዙን ይተዉት ነበር» ሲሉ የተናገሩት ከጉራ አይቆጠርባቸውም።

በሩዙ ላይ ግን ተከፍቻለሁ። ኢራናውያን ሩዝን በጥበብ ነው የሚያበስሉት፦ ግማሽ በስሎ ይጠለላል፣ ዘይት ወይም ቅቤ በተቀባ ድስት ይመለሳል፣ ክዳኑ በጨርቅ ተሸፍኖ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ሳይመለስ ቀስ ብሎ ይታፈናል። ከላይ እያንዳንዱ ፍሬ ተለያይቶ ይቆማል፤ ከድስቱ ሥር ተጣብቆ የሚቀረው ወርቃማ ቅርፊት ታህዲግ ይባላል፣ በማዕድ ላይ ሰው የሚሻማውም እርሱን ነው። ቤቱ የሚጠቀመው ከሐይቁ ማዶ የሚመጣውን የፎገራ ሩዝ ነው። የአገር ምርት መጠቀማቸው ደስ ቢያሰኘኝም የፎገራው ፍሬ አጭርና ሲበስል የሚያያዝ ስለሆነ ላይኛው ክፍል ወደ ገንፎ አዘንብሏል። በአንጻሩ ታህዲጉ በዚሁ መያያዝ ምክንያት ሳይሰበር እንደ ቂጣ ሙሉውን ተነሥቶ፣ ጥርስ ሲያርፍበት የሚሰማ ሆኖ መጥቷል። ስለዚህ ሩዙን ትቶ ታህዲጉን ብቻ ለብቻው ቢሸጡ አዋቂነት ነው።

ዋናው ቅሬታዬ ከዚህ የተለየ ነው። በዝርዝሩ ላይ «በዛፍራን የተዘጋጀ» ተብሎ በ780 ብር የተጻፈው ሩዝ ዛፍራን አልነበረበትም። ዛፍራን ከአንዲት ትንሽ ሐምራዊ አበባ ውስጥ የሚለቀሙ ሦስት ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ አንድ ኪሎ ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ አበባ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል፣ የዓለምም አብዛኛው ምርት ከኢራን ይመጣል። በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ በሩዙ አናት ላይ ሲፈስስ አንዱን ፍሬ ቢጫ፣ ጎረቤቱን ነጭ አድርጎ ይተወዋል፤ ሽታውም ማርና ድርቆሽ አንድ ላይ የተቀላቀሉ ያህል ነው። የቀረበልን ሩዝ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቢጫ ሆኖ የአልጫ ሽታ ነበረው፤ በአጭሩ እርድ ነው። ባለቤትየዋን ለብቻቸው ሳነጋግራቸው አልካዱም፤ ዛፍራን ብለው ከነጋዴ የገዙት የሱፍ አበባ ቅጠል ሆኖ ስላገኙት ጥለውት በእርድ እንደተኩት ነገሩኝ። በሱፍ መታለል በዛፍራን ገበያ የታወቀ ነገር ነውና ስለእርሱ አልፈረድሁባቸውም፤ ዝርዝሩንና ዋጋውን ሳያስተካክሉ መሸጣቸው ግን ልክ አልነበረም። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «በእርድ የተዘጋጀ» ተብሎ ተጽፎ፣ ዋጋው ወደ 420 ብር ወርዶ አገኘሁት።

ለፍስኩ ዝርዝር ዳንሳክ የሚባለው የፓርሲ ወጥ ቀርቧል፦ የተለያዩ የምስርና የክክ ዓይነቶች ከዱባና ከደበርጃን ጋር ከስክሰው በበግ ሥጋ የሚሠሩት ነው። የጾሙን ድስት፣ ሥጋ የሌለውን፣ እህቴ ወዳዋለች፤ እኔም ጥሩ ምግብ መሆኑን አልክድም። ችግሩ ቀኑ ነው። በፓርሲዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለሦስት ቀን ከሥጋ ይከለከልና በአራተኛው ቀን የሚገድፈው በዳንሳክ ነው፤ ስለዚህ በሌላ ጊዜ፣ በተለይም እሑድ፣ በደስታ ቢበሉትም በበዓልና በሠርግ አያወጡትም። በአዲስ ዓመት ምሽት ዳንሳክ ማቅረብ ለሙሽራ ንፍሮ እንደማቅረብ ነው። ባለቤትየዋ ይህን ከአከራያቸው ሰምተው ረስተውት እንደነበር ሲናገሩ ከልብ ደነገጡ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንድ ገጽ ተኩል የሆነ፣ በየሳሕኑ ጎን የተቀመጠ ማብራሪያ ነው፤ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ዞሮአስተርን «የጥንት የፋርስ ንጉሥ»፣ በሁለተኛው ተከታዮቹን «እሳት አምላኪዎች» ይላቸዋል። ዞሮአስተር ንጉሥ አልነበረም፤ ካህንና ባለቅኔ ነበር፣ ጋታ የሚባሉት 17 መዝሙራት የእርሱ እንደሆኑ ይታመናል፤ ንጉሡ ያስጠጋውና ትምህርቱን የተቀበለው ቪሽታስፓ ነው። «እሳት አምላኪ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጡት አላጣሁትም፤ ኅዳር 27 የሚታሰበውን የፋርሱን ሰማዕት የያዕቆብ ግሙድን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው አፉ ላይ ይመጣበታል። ሆኖም አምላካቸው አሁራ ማዝዳ ነው፣ ትርጉሙም ጥበበኛው ጌታ ማለት ነው፤ እሳት የእውነትና የሥርዓት ምልክት፣ በጸሎት ጊዜ ፊት የሚዞርበት ብርሃን ነው። በኢራን ያዝድ ከተማ በ1934 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተሠራው ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ከ470 ጀምሮ ሳይጠፋ እንደኖረ የሚነገርለት እሳት አለ፤ ጎብኚ በመስተዋት ውስጥ ብቻ ያየዋል፣ የሚያገለግለውም ካህን ትንፋሹ እንዳያረክሰው አፉን በነጭ ጨርቅ ይሸፍናል። መቋሚያውንና መስቀሉን የሚሳለም ሕዝብ ለምልክት የሚሰጥን ክብር ከአምልኮ ለይቶ ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

ወረቀቱ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ በእጃችን ያለውን ቁልፍ ትቶ ከሌላ ቦታ በመቅዳቱ ነው። በወንጌል አንድምታ ትርጓሜያችን ሰብአ ሰገልን ኮከቡን እንዲጠብቁ ያደረጋቸው ትንቢት ዠርደሸት ከሚባል የፋርስ ፈላስፋ እንደመጣ ይተረካል፤ ዠርደሸት ዞሮአስተር ነው። ሰብአ ሰገልን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲያይ ላደገ የጣና ዳር ሰው ከዚህ የቀረበ መግቢያ የለም። የዘመን አቆጣጠራቸውም የእኛን ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም፦ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያሏቸው 12 ወራት፣ በመጨረሻም በአምስቱ ጋታዎች ስም የተሰየሙ 5 ቀናት፣ እንደ ጳጉሜ። የወሩም 30 ቀናት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባለ ስም ጠባቂ አላቸው፤ የቀኑ ስምና የወሩ ስም ሲገጥም ዓመታዊ በዓል ይሆናል። ወር በገባ በ16 የሚታሰበው ሚህር ሲሆን የስሙ ጥንታዊ ትርጉም ኪዳን ማለት ነው፤ በእኛ 16 ማን እንደሆነች ዘጌን የተሳለመ ሁሉ ያውቃል። ይህ ግጥምጥሞሽ ብቻ ነውና ማንም ሰው ትርክት እንዳይሠራበት አደራ እላለሁ፤ ምሕረት የሚለው ቃል ከሚህር ጋር ዝምድና የለውም። ዞሮአስተራውያን ከነጭ የውስጥ ሸሚዝ በላይ ወገባቸውን ሦስት ጊዜ ዙረው የሚታጠቁት፣ ከ72 የበግ ጠጉር ክሮች የተሠራ ኩስቲ የሚባል መታጠቂያም አላቸው፤ ልጁ ከሰባት ዓመቱ በኋላ በሥርዓት ይታጠቀዋል። «ማተባቸው ነው» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ገጹን ሙሉ ከሞላው የተውሶ ቃል ይበልጥ ያስረዳ ነበር።

በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ግን በጥሩ ተመርጧል። በጥንት የፋርስ ነገሥታት መቀመጫ፣ በፐርሴፖሊስ ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ከተቀረጹት ግብር አምጪ 23 ልዑካን የመጨረሻዎቹን፣ የዝሆን ጥርስ የተሸከሙትን ኩሻውያን ያሳያል። አስተናጋጁ ለእንግዶች «የእኛ ሰዎች ናቸው» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ኩሽ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የኑቢያ ምድር ስለነበር ትንሽ ቆጠብ ቢል እመክረዋለሁ።

አገልግሎቱ ትሑትና ቀርፋፋ ነው፤ ዓሣው ለመምጣት 50 ደቂቃ ፈጅቷል፣ በእንፋሎት የሚበስል ነገር እንደማይቸኩል ግን አስቀድሞ መነገር ነበረበት። አንድ ቆሮሶ በኮባ 650 ብር ነው፤ ለሁለት ሰው ከታህዲግ ጋር ይበቃል። በግቢው፣ ከኖውሩዝ በፊት ባለው የመጨረሻ ረቡዕ ዋዜማ መቀጣጠል የነበረበት እሳት በዚህ ምሽት ተቀጣጥሎ ወጣቶች ሲዘልሉት ነበር፤ ኢራናውያን በዚያ ዋዜማ እየዘለሉ «ቢጫዬን ውሰድ፣ ቀይህን ስጠኝ» የሚሉት እኛ በችቦው ዙሪያ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ከምንለው ጋር አንድ መንፈስ አለው። ሲጨርሱ ግን ያው አስተናጋጅ የገበታውን ሻማዎች አንድ በአንድ እፍ እያለ አጠፋቸው። ስለትንፋሽ አሁን የተረኩትን ላነበበ ሰው የቀረውን መናገር አያስፈልገኝም፤ ባለቤትየዋ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው ሲያዩት እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ።

የፓርሲዎቹ እራት ነሐሴ 10 እንደሚደገም ተነግሮኛል፤ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፣ ቆሮሶውም ጠዋት ታዝዞ ካልሆነ ማታ አይገኝም። የበቀለው ስንዴ እንደ ልማዱ ከኖውሩዝ ዕለት ጀምሮ ሲቆጠር በዐሥራ ሦስተኛው ቀን በሚፈስስ ውኃ ላይ መጣል ስላለበት ባለቤትየዋ መጋቢት 24 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ሊጥሉት አስበው ነበር። እህቴ ግን ሳሕኑን አስቀድማ ለምና ወስዳዋለች፤ አስጥታ ለፋሲካው ጠላ ጨምራዋለች።